ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መቆሚያው፦ በማረፍ ወቅት አብራሪና ተቆጣጣሪ በሬዲዮ እንዴት ይነጋገራሉ?

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ለማረፍ ቁልቁል ሲወርድ አብራሪዎቹና መሬት ላይ ያሉት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አይተያዩም። የሚያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ አንዳንዴ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም የሌላ አውሮፕላን ጥሪ ይሸፍነዋል። ተናጋሪዎቹም ብዙ ጊዜ አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ ነው የሚግባቡት። ያም ሆኖ በየቀኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች በሰላም ያርፋሉ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እያንዳንዱ ትእዛዝ እንዲሰማ፣ እንዲደገምና እንዲረጋገጥ የሚያስገድደው ሥርዓት ነው።

ይህ መመሪያ በረራ ለሚማሩ፣ በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ለሚለማመዱና የተቆጣጣሪነትን ሙያ ለሚያስቡ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። መሠረቱ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም የኢካኦ ደንብ ነው። አገሮች በዝርዝሩ ላይ የየራሳቸው ልዩነት ስላላቸው፣ ወደምትበሩበት አገር የበረራ መረጃ መጽሐፍ መመልከት ግዴታ ነው። በምሳሌዎቹ ላይ የምጠቀምበት «ኮሜት 472» የሚለው የጥሪ ስም ለትምህርት ያህል የፈጠርኩት ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቁልፉን ከመጫን በፊት

ንግግሩ የሚካሄደው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የቪኤችኤፍ ሞገድ ነው። በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያዳምጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት የንግግር ቁልፋቸውን ከተጫኑ አድማጩ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ፉጨት የመሰለ ጩኸት ነው። መልእክቶቹም ይበላሻሉ። ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ተቆጣጣሪው መንደርደር የጀመረውን አውሮፕላን እንዲጠብቅ ሲነግረው፣ ሌላኛው አውሮፕላን ደግሞ ገና ማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ሲያሳውቅ ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ። አደጋውን ሊያስቀሩ ይችሉ የነበሩት ሁለት መልእክቶች በጥራት አልተሰሙም።

ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛው የሬዲዮ መስመር መመረጡን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ቀጥሎ ጥቂት ሰከንዶች አዳምጡ። ማዳመጥ ሲባል የሚናገር ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው ለሌላ አውሮፕላን ትእዛዝ ሰጥቶ መልስ እየጠበቀ ከሆነ ያ ጸጥታ የእናንተ አይደለም። የሚመልሰው አብራሪ እስኪጨርስ ታገሡ። የምትሉትን በአእምሯችሁ አሰናዱ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ፤ ቅጽበት ያህል ቆዩና ተናገሩ። ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት መናገር የሚጀምሩ ሰዎች የመጀመሪያ ቃላቸው ይቆረጥባቸዋል።

ፍጥነታችሁ በደቂቃ ከ100 ቃላት እንዳይበልጥ ኢካኦ ይመክራል። በጥድፊያ የተነገረ መልእክት «ድገመው» ስለሚያስብል ጊዜ ይበላል እንጂ ጊዜ አያተርፍም። ስትጨርሱ ቁልፉ በእርግጥ መለቀቁን አረጋግጡ። አንድ የተጣበቀ ቁልፍ የመስመሩን ተጠቃሚዎች በሙሉ ያግዳል።

በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ሬዲዮውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መሪውን ያልያዘው አብራሪ ነው። አንደኛው ይበርራል፣ ሌላኛው ይናገራል፤ ሁለቱም ግን ያዳምጣሉ። ከተናጋሪው ይልቅ የሚበርረው አብራሪ ትእዛዙን በትክክል የሰማበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ በመካከላቸው የሰሙት ነገር ከተለያየ ያለ ምንም እፍረት ተቆጣጣሪውን መጠየቅ አለባቸው።

ደረጃ 2፦ የማረፊያውን መረጃ ቀድሞ መያዝ

ትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ኤቲስ የሚባል ተደጋጋሚ ስርጭት አላቸው። በሥራ ላይ ያለውን ማኮብኮቢያ፣ ነፋሱን፣ የእይታ ርቀቱን፣ ደመናውን፣ ሙቀቱንና የአየር ግፊቱን ይናገራል። እያንዳንዱ እትም የፊደል ስም አለው፤ ለምሳሌ «ኢንፎርሜሽን ኪሎ» ይባላል፤ «ኪሎ» የK ፊደል የሬዲዮ ስም ነው። መረጃው ሲቀየር ፊደሉ ወደ «ሊማ»፣ ማለትም ወደ L ያልፋል። አብራሪዎቹ ሥራ ሳይበዛባቸው፣ ገና ከፍታ ላይ ሳሉ አዳምጠው ወይም በጽሑፍ ተቀብለው ይመዘግቡታል። በተለይ የአየር ግፊቱን ቁጥር በወረቀት ላይ ጻፉት። ከታች እንደምታዩት ይህ ቁጥር የሰውን ሕይወት ይወስናል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ጥሪ

ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ አብራሪዎቹ «አፕሮች» ከሚባለው የመቅረቢያ ተቆጣጣሪ ጋር ይገናኛሉ። የጥሪው ቅደም ተከተል ቋሚ ነው፤ የምትጠሩት ማን እንደሆነ፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ፣ የት ከፍታ ላይ እንዳላችሁና ወደ የትኛው እየወረዳችሁ እንደሆነ፣ በመጨረሻም የያዛችሁት የመረጃ ፊደል።

አብራሪ፦ «አፕሮች፣ ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ፣ ፍላይት ሌቭል ዋን ቱ ዜሮ፣ ዲሴንዲንግ ቱ ፍላይት ሌቭል ናይነር ዜሮ፣ ኢንፎርሜሽን ኪሎ።»

«ፍላይት ሌቭል» በመቶ ጫማ የሚቆጠር የከፍታ ደረጃ ነው። «ሄቪ» የሚለው ቃል አውሮፕላኑ ከባድ መሆኑን ይገልጻል። ከባድ አውሮፕላን ከኋላው ኃይለኛ የአየር ሽክርክሪት ስለሚተው ተቆጣጣሪው ተከታዩን አውሮፕላን አርቆ ማሰለፍ ይኖርበታል። ለኤርባስ ኤ380 «ሱፐር» ይባላል። ከሰላምታ በስተቀር ሌላ ጌጥ አያስፈልግም፤ ሰላምታውም ቢሆን መስመሩ ሲጨናነቅ ይቀራል፤ ማንም አይቀየምም።

ተቆጣጣሪው ይመልሳል፦ «ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ፣ ዲሴንድ ቱ አልቲቲዩድ ፎወር ታውዛንድ ፊት፣ ኪውኤንኤች ዋን ዜሮ ዜሮ ዋን፣ ተርን ሌፍት ሄዲንግ ዜሮ ሰቨን ዜሮ።» ወደ 4000 ጫማ ውረድ፣ የአየር ግፊቱ 1001 ነው፣ ወደ ግራ ታጥፈህ 070 ዲግሪ ያዝ ማለት ነው።

አብራሪው እያንዳንዱን ነገር መልሶ ይናገራል፦ «ዲሴንድ ቱ አልቲቲዩድ ፎወር ታውዛንድ ፊት፣ ኪውኤንኤች ዋን ዜሮ ዜሮ ዋን፣ ሌፍት ሄዲንግ ዜሮ ሰቨን ዜሮ፣ ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ።» የጥሪ ስሙን ፈጽሞ አትዝለሉ። ስም የሌለው መልስ ከማን እንደመጣ አይታወቅም፤ በአንድ መስመር ላይ 472 እና 427 የሚባሉ ሁለት በረራዎች ቢኖሩ የአንዱን ትእዛዝ ሌላው ሊፈጽመው ይችላል። የተመሳሰለ ስም መኖሩን ካስተዋላችሁ ለተቆጣጣሪው ንገሩት።

ደረጃ 4፦ ቁጥሮችን እንደ ደንቡ መጥራት

አቅጣጫ፣ የማኮብኮቢያ ቁጥር፣ የአየር ግፊትና የሬዲዮ መስመር በየአኃዙ ይጠራሉ። በጫማ የሚሰጥ ከፍታ ግን በመቶና በሺህ ሲሆን በሙሉ ስሙ ይጠራል። 3 «ትሪ»፣ 4 «ፎወር»፣ 5 «ፋይፍ»፣ 9 ደግሞ «ናይነር» ይባላል። ይህ አጠራር በጩኸት መካከል አንዱ ቁጥር ከሌላው እንዳይምታታ ታስቦ የተደነገገ ነው።

ይህን ደንብ እንደ ትንሽ ነገር ለሚያዩት ሰዎች የፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989ን አደጋ እንዲያጠኑ እመክራለሁ። አንድ የጭነት ቦይንግ 747 ወደ ኩዋላ ላምፑር ሲቃረብ ተቆጣጣሪው «ዲሴንድ ቱ ፎወር ዜሮ ዜሮ» አለው። የፈለገው 2400 ጫማ ነበር። «ቱ» የሚለው ድምፅ ግን በእንግሊዝኛ «2» ቁጥርም «ወደ» የሚል መስተዋድድም ሊሆን ይችላል። አብራሪዎቹ የሰሙት «ወደ 400 ውረድ» የሚል ነበር፤ መልሰውም «ኦኬ፣ ፎወር ዜሮ ዜሮ» አሉ። ተቆጣጣሪው ስህተቱን አላረመም። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ የነበሩት አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ።

በደንቡ መሠረት ትእዛዙ «ዲሴንድ ቱ አልቲቲዩድ ቱ ታውዛንድ ፎወር ሀንድረድ ፊት» መሆን ነበረበት። «አልቲቲዩድ» የሚለው ቃል መስተዋድዱን ከቁጥሩ ይለያል፤ «ታውዛንድ» የሚለው ደግሞ ከፍታው በሺህ የሚቆጠር መሆኑን ያረጋግጣል። አብራሪውም ቢሆን 400 ጫማ የሚባለው ቁጥር ለዚያ ቦታ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ካርታው ላይ ማየት ይችል ነበር። ከፍታ ሲሰጣችሁ በእጃችሁ ካለው የማረፊያ ካርታ ላይ ካለው ዝቅተኛ ከፍታ ጋር አነጻጽሩት። ካልተስማማ አትውረዱ፤ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ መድገምና የተደገመውን መስማት

ከመላው ሥርዓት አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙ ብጠየቅ ይህንን እመርጣለሁ። ትእዛዝን መልሶ መናገር የጨዋነት ምልክት አይደለም። ተቆጣጣሪው የሰጠው ትእዛዝ ምን ሆኖ እንደተሰማ ሊያውቅ የሚችልበት ብቸኛ መንገድ ነው። ስለዚህ ምልልሱ አራት እርምጃዎች አሉት፤ ተቆጣጣሪው ይናገራል፣ አብራሪው ይደግማል፣ ተቆጣጣሪው ድግግሞሹን ያዳምጣል፣ ስህተት ካለ ወዲያው ያርማል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እርምጃ ይለማመዳል፤ አደጋ የሚፈለፈለው ግን ሦስተኛው ሲዘለል ነው።

የግድ መደገም ያለባቸው ማኮብኮቢያ ላይ የመግባት፣ የማረፍ፣ የመነሣት፣ የማቋረጥና ከማኮብኮቢያ በፊት የመቆም ትእዛዞች ናቸው። በሥራ ላይ ያለው ማኮብኮቢያ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የአየር ግፊትና የራዳር መለያ ኮድም እንዲሁ ይደገማሉ። ነፋስ መደገም አያስፈልገውም። እነዚህን በ«ሮጀር» ብቻ መመለስ ስህተት ነው፤ «ሮጀር» ማለት መልእክቱ ደረሰኝ ማለት ነው እንጂ ምን እንደደረሰ አይናገርም። «ዊልኮ» ማለት ተረድቻለሁ፣ እፈጽማለሁ ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን ቁጥርን አይተካም።

ሁለቱም ወገኖች ተሳስተው ሲስማሙ ምን እንደሚሆን ሜይ 23 ቀን 2022 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል ታይቷል። አንድ ኤርባስ ኤ320 በዝናብ ውስጥ ለማረፍ ሲቀርብ ተቆጣጣሪው የአየር ግፊቱን 1011 ብሎ ሰጠ። ትክክለኛው 1001 ነበር። አብራሪዎቹ 1011 ብለው ደገሙ፤ ድግግሞሹ ከተነገረው ጋር ስለተስማማ ማንም አልነቃም። የከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ የ10 ሄክቶፓስካል ልዩነት በከፍታ ሲሰላ ወደ 280 ጫማ፣ ማለትም 85 ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው አውሮፕላኑ በትክክለኛው መውረጃ ላይ እንዳለ ያሳይ ነበር፤ በእውነቱ ግን 85 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ማኮብኮቢያውን ማየት ስላልቻሉ አብራሪዎቹ ማረፉን ትተው ወደ ላይ ወጡ። በዚያ ጊዜ የአውሮፕላኑ ከመሬት ርቀት እስከ 6 ጫማ፣ ከሁለት ሜትር በታች ወርዶ ነበር፤ ማኮብኮቢያው ላይ ግን ገና አልደረሰም።

እዚህ ላይ መድገም ብቻውን አላዳነም። ሊያድን ይችል የነበረው ሌላ ምንጭ ነው። ስለዚህ የአየር ግፊት ቁጥር በሬዲዮ ሲሰጣችሁ በደረጃ 2 ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ልዩነት ካለው «ኮንፈርም ኪውኤንኤች» ብላችሁ አረጋግጡ። ጥያቄው ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ተቆጣጣሪ ስትሆኑ ደግሞ የሚደገመውን በአእምሯችሁ ካለው ሳይሆን ከአብራሪው አፍ ስሙ። አእምሮ የሚጠብቀውን መስማት ይወዳል። ስህተት ስትሰሙ «ኔጋቲቭ» ብላችሁ ትክክለኛውን በቀስታ ድገሙት። ራሳችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ «ኮሬክሽን» በሉና አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ወደ ማረፊያው መስመር መግባት

የመቅረቢያ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኖቹን በአቅጣጫና በፍጥነት እያሰለፈ ወደ ማረፊያው መስመር ያስገባቸዋል። «ተርን ሌፍት ሄዲንግ ቱ ኤይት ዜሮ፣ ክሊርድ አይኤልኤስ አፕሮች ራንዌይ ቱ ፋይፍ ሌፍት፣ ሪፖርት እስታብሊሽድ» ሲል ወደ 280 ዲግሪ ታጥፋችሁ የ25 ግራ ማኮብኮቢያን የመሣሪያ መስመር ያዙ፣ ስትይዙት አሳውቁኝ ማለቱ ነው። ይህ የመቅረብ ፈቃድ ነው፤ የማረፍ ፈቃድ አይደለም።

በዚህ ሰዓት ለሁለት አብራሪዎች ሥራ ይበዛል። የሚሰጣችሁ ፍጥነት ወይም አቅጣጫ አውሮፕላኑ የማይችለው ከሆነ «አንኤብል» (አልችልም) በሉ፤ ቢቻል ምክንያቱንና የምትችሉትን አክሉበት። ለምሳሌ «አንኤብል፣ ሚኒመም ስፒድ ዋን ሰቨን ዜሮ ኖትስ» ማለት ለተቆጣጣሪው ወዲያው የሚጠቅመው መረጃ ነው። እሺ ብሎ ያለመፈጸም ግን ሰልፉን በሙሉ ያበላሻል። ጊዜ ከፈለጋችሁ «ስታንድባይ» (ጠብቁኝ) በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ ማማውና የማረፍ ፈቃድ

ከማኮብኮቢያው ጥቂት ማይሎች ሲቀሩ ወደ መቆጣጠሪያ ማማው መስመር ትዛወራላችሁ። ጥሪው አጭር ነው፦ «ታወር፣ ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ፣ አይኤልኤስ ራንዌይ ቱ ፋይፍ ሌፍት።» ከፊታችሁ ያለው አውሮፕላን ገና ካልወጣ «ኮንቲኒው አፕሮች» ትባላላችሁ። ቀጥሉ ማለት ነው፤ ማረፍ ግን አልተፈቀደም። ማኮብኮቢያው ነጻ ሲሆን፦

ተቆጣጣሪ፦ «ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ፣ ዊንድ ቱ ፎወር ዜሮ ዲግሪስ ኤይት ኖትስ፣ ራንዌይ ቱ ፋይፍ ሌፍት፣ ክሊርድ ቱ ላንድ።»

አብራሪ፦ «ራንዌይ ቱ ፋይፍ ሌፍት፣ ክሊርድ ቱ ላንድ፣ ኮሜት ፎወር ሰቨን ቱ ሄቪ።»

ብዙ አብራሪዎች ፈቃዱን ሲቀበሉ የማረፊያ መብራት በማብራት ወይም ሌላ የተስማሙበትን ምልክት በማድረግ ለራሳቸው ማስታወሻ ያኖራሉ። ጥሩ ልማድ ነው፤ መሬት ሲቃረብ «ፈቅደውልን ነበር ወይ?» የሚል ጥርጣሬ እንዳይነሣ ይረዳል። ጥርጣሬው ከተነሣ መልሱ አንድ ነው፤ ጠይቁ። ፈቃድ ከሌለ ማረፍ የለም።

የማረፍ ፈቃድ ዓይንን አይተካም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 በሎስ አንጀለስ አንዲት ተቆጣጣሪ ማኮብኮቢያው ላይ እንዲጠብቅ ያስገባችውን ትንሽ አውሮፕላን ዘንግታ ለአንድ ቦይንግ 737 የማረፍ ፈቃድ ሰጠች፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ደግሞ የማረፍ ፈቃድ የተሰጠው ኤርባስ ኤ350 ማኮብኮቢያው ላይ ከቆመ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። የጥበቃው አውሮፕላን ተቀብሎት የነበረው ትእዛዝ እስከ መቆሚያ ነጥቡ ሄዶ እንዲጠብቅ፣ ለመነሣትም ተራው አንደኛ መሆኑን የሚናገር ነበር፤ ማኮብኮቢያው ላይ የመግባት ፈቃድ ግን አልነበረውም። በትልቁ አውሮፕላን ላይ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ፤ ከጥበቃው አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በጃፓን የመነሻ ተራን በሬዲዮ መንገር ለጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ነበር።

በምሽት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ማኮብኮቢያዎች ሌላ ፈተና ናቸው። ጁላይ 7 ቀን 2017 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ኤርባስ ኤ320 በ28 ቀኝ ማኮብኮቢያ ላይ እንዲያርፍ ተፈቅዶለት ሳለ፣ ወደ ጎኑ ወዳለው ታክሲዌይ፣ ማለትም አውሮፕላኖች በመሬት ላይ ወደ ማኮብኮቢያና ከማኮብኮቢያ ወደሚሄዱበት መንገድ አነጣጠረ። እዚያ አራት መንገደኛ የጫኑ አውሮፕላኖች ለመነሣት ተሰልፈው ነበር። አብራሪዎቹ መብራት ስላዩ ፈቃዳቸውን እንዲያረጋግጡላቸው ጠየቁ፤ ተቆጣጣሪው በማኮብኮቢያው ላይ ከእነሱ በስተቀር ማንም እንደሌለ መለሰላቸው። መልሱ እውነት ነበር፤ እነሱ ግን ማኮብኮቢያው ላይ አልነበሩም። ከተሰለፉት አውሮፕላኖች የአንዱ አብራሪ በሬዲዮ አውሮፕላኑ ወደ ታክሲዌዩ መምጣቱን ተናገረ። ኤ320ው ከመሬት ወደ 60 ጫማ ብቻ ሲቀረው ወደ ላይ ወጣ።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር የጥያቄ አጠያየቅ ነው። «ፈቃዴን አረጋግጡልኝ» ስትሉ የሚመጣው መልስ ስለ ፈቃዱ ብቻ ነው። የሚታያችሁን ከተናገራችሁ ግን፣ ለምሳሌ «በምናመራበት መስመር ላይ የአውሮፕላን መብራቶች ይታዩናል» ካላችሁ፣ ተቆጣጣሪው እናንተ ያላችሁበትን ቦታ እንዲመረምር ታደርጉታላችሁ። ሥጋቱ ከቀጠለ ደግሞ መልስ ሳትጠብቁ ወደ ላይ ውጡ።

ደረጃ 8፦ ማረፉ ሲቀር

ማረፍን ትቶ ወደ ላይ መውጣት የተለመደ የበረራ ክፍል ነው፤ የውድቀት ምልክት አድርገው የሚያዩት ሰዎች ራሳቸውን ለከፋ ውሳኔ ያመቻቻሉ። ትእዛዙ ከማማው ከመጣ «ጎ አራውንድ» ይባላል፤ መልሱ «ጎይንግ አራውንድ» እና የጥሪ ስም ነው። አብራሪው በራሱ ከወሰነ ደግሞ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያስተካክላል፣ ቀጥሎ አቅጣጫውን ይይዛል፣ ከዚያ ይናገራል። ለሬዲዮ ብሎ እጁን ከመሪው ማንሣት የለበትም። ተቆጣጣሪውም በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ጥያቄ ሊያበዛበት አይገባም። ምክንያቱን በኋላ መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ነዳጅ ሲያንስ ወይም ችግር ሲደርስ

ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 አንድ ቦይንግ 707 በመጥፎ አየር ምክንያት ኒው ዮርክ አቅራቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑንና ቅድሚያ እንደሚሹ ለተቆጣጣሪዎቹ ነግሯል። አደጋ ላይ መሆናቸውን በደንቡ ቃል ግን አላወጀም። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ለሁለተኛው ሲዞሩ ሞተሮቹ ጠፉ። 73 ሰዎች ሞቱ።

ተቆጣጣሪ በዚያ ሰዓት ብዙ አውሮፕላኖችን ይይዛል፤ ሁሉም መቸኮላቸውን ሊነግሩት ይችላሉ። ሰልፉን እንዲያፈርስ የሚያስገድደው በደንብ የተወሰነ ቃል ነው። ዛሬ ሁለት ደረጃ ያላቸው አገላለጾች አሉ። «ሚኒመም ፊውል» ማለት ከዚህ በኋላ ተጨማሪ መዘግየት ከመጣ በተጠባባቂነት ከተያዘው ነዳጅ በታች እንወርዳለን ማለት ነው፤ ቅድሚያን አያስገኝም፣ ግን ያስጠነቅቃል። «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል» ማለት ደግሞ በቅርቡ ማረፊያ ስናርፍ የሚቀረን ነዳጅ ከመጨረሻው ተጠባባቂ ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የአደጋ ጥሪ ነው፤ ሁሉም ነገር ለእናንተ ይለቀቃል።

በሌላ ችግር ጊዜም አሠራሩ ያው ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ «ሜይዴይ»፣ አጣዳፊ ሆኖ ለሕይወት ወዲያው የማያሰጋ ከሆነ «ፓን ፓን» ሦስት ጊዜ ይባላል። ቀጥሎ የጥሪ ስም፣ የችግሩ ዓይነት፣ ልታደርጉት ያሰባችሁትና ያላችሁበት ቦታ ይከተላሉ። ቃሉን ለመናገር አትሳቀቁ። በኋላ ችግሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝ ጥሪውን መሰረዝ ይቻላል።

ደረጃ 10፦ ሬዲዮው ዝም ሲል

መልስ ካጣችሁ መጀመሪያ ድምፁ አለመቀነሱን፣ መስመሩ በትክክል መመረጡንና የጆሮ ማዳመጫው መሰካቱን ተመልከቱ። ወደ ቀድሞው መስመር ተመለሱ፤ በ121.5 ሜጋኸርዝ የአደጋ መስመርም ሞክሩ። ካልሆነ በራዳር መለያው ላይ 7600 አስገቡ፤ ተቆጣጣሪው ወዲያው ሬዲዮ እንደተበላሸባችሁ ያውቃል። ሊሰማችሁ ይችላል በሚል ግምትም ያላችሁበትን ሁኔታ መናገራችሁን አታቁሙ።

ማማው የብርሃን ምልክት አለው። በአየር ላይ ላለ አውሮፕላን የማያቋርጥ አረንጓዴ ማረፍ ተፈቅዷል፣ የማያቋርጥ ቀይ ለሌላ ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ ለማረፍ ተመለስ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ማረፊያው አደገኛ ስለሆነ አትረፍ ይላል።

ደረጃ 11፦ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ

አውሮፕላኑ ፍጥነቱን እስኪቀንስ ድረስ ሬዲዮው ይጠብቃል። በዚያ መካከል ተቆጣጣሪው ጥያቄ ቢያቀርብ ቅድሚያ ለፍሬንና ለመሪው ስጡ፤ መልሱ ይዘግይ። ከማኮብኮቢያው ወጣን የምትሉት የአውሮፕላኑ ጭራ ሳይቀር የመቆሚያውን መስመር ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፤ ከኋላችሁ የሚመጣው አውሮፕላን የማረፍ ፈቃዱን የሚያገኘው በዚህ ቃላችሁ ነውና።

ከዚያ ማማው ወደ «ግራውንድ» ያዛውራችኋል። የምድር ተቆጣጣሪው የምትሄዱበትን መንገድ በታክሲዌይ ፊደላት ይነግራችኋል፤ ጽፋችሁ ያዙ፣ ደግሙ። በመንገዱ ላይ ሌላ ማኮብኮቢያ ካለ «ሆልድ ሾርት» (ከማኮብኮቢያው በፊት ቁም) የሚለውን ትእዛዝ ከነማኮብኮቢያው ቁጥር መልሱ፤ እዚህ ላይም «ሮጀር» አይበቃም። የማቋረጥ ፈቃድ በግልጽ ሳይሰጥ ማኮብኮቢያ አይታለፍም፤ የተሰጠው መንገድ በማኮብኮቢያው ማዶ የሚቀጥል ቢሆንም እንኳ።

ለማታውቁት ማረፊያ እንግዳ ከሆናችሁ፣ ጭጋግ ካለ ወይም የታክሲዌዩን ምልክት ከሳታችሁ ከማኮብኮቢያ ርቃችሁ ቁሙና ያላችሁበትን አለማወቃችሁን ተናገሩ። ደረጃ በደረጃ አቅጣጫ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ተቆጣጣሪውም እስከ መቆሚያችሁ ድረስ እያንዳንዱን መታጠፊያ እየነገረ ይወስዳችኋል።